ከሰዋስው መጽሐፉ ጀርባ፦ ባሮ ዳር ቋንቋ ሲጠና

የቋንቋ አጥኚዎች ስንገናኝ የምንጨዋወተውና መጽሐፍ ላይ የምናሰፍረው ለየቅል ነው። መጽሐፉ ላይ ድምፆቹ በሠንጠረዥ ተደርድረው፣ ግሦቹ በየረድፋቸው ገብተው፣ ምሳሌዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይገኛሉ። ያንን ያነበበ ሰው፣ አጥኚው መቅረጸ ድምፁን ከፍቶ ጠየቀ፣ መልሱን ጻፈ፣ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ባሮ ወንዝ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እስቲ ቀረብ በሉና የጓዳውን ሹክ ልበላችሁ፤ ወሬዬ በአብዛኛው ስሙ ሽፋን ላይ ስለማይወጣ አንድ ሰው ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መላው የጋምቤላ ክልል 307,096 ነዋሪ ነበረው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ክፍለ ከተማ ሰው ያህል ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ ያለው የቋንቋ ዓይነት ግን አንድን የጥናት ክፍል ዕድሜ ልኩን ሥራ አያሳጣውም። ኑዌርና አኙዋ ከምዕራብ ናይሎቲክ ወገን ናቸው። የመዠንግር ቋንቋ ሱርሚክ ከሚባለው ቡድን ሆኖ ከሙርሲና ከሱሪ ጋር ይዛመዳል። ኦፖና ኮሞ ደግሞ ኮማን የሚባለው ቡድን አባላት ናቸው። ከሸካ ጋር በሚያዋስነው ደን ውስጥ የቻቡ ሰዎች አሉ፤ ቋንቋቸው እስካሁን ከየትኛውም ጋር ዝምድናው አልተረጋገጠም። ከተማው ውስጥ ኒውላንድ ሰፈር ብትገቡ ኑዌርኛ፣ ኦሚኒንጋ ብትሻገሩ አኙዋኛ፣ ገበያ ብትወጡ አማርኛና ኦሮምኛ ይቀበላችኋል።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የደቡብ ሱዳን ጦርነት ፈነዳ። በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በሌሎቹ መጠለያዎች ከ300 ሺህ የሚበልጥ ሰው ገባ። ይህ ለእኛ ሥራ ምን እንዳመጣ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ብዙ አያስተውለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረው ኑዌር በአብዛኛው ጂካኝ ከሚባለው ወገን ነው። መጠለያዎቹ ውስጥ ግን ከሎው፣ ከቡል፣ ከሌክ ወገን የመጡ ሰዎች አንድ የውኃ ቧንቧ ላይ ይሰለፋሉ። አነጋገራቸው ይለያያል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «ኑዌርኛ ቀዳሁ» ቢላችሁ፣ የውስጥ አዋቂ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከማን? የት ተወልዶ ካደገ ሰው?» የሚል ነው። ይህን ያልመዘገበ ቅጂ የቱንም ያህል ጥርት ቢል ግማሽ ዋጋው ሄዷል።

አጥኚው ከተማው እንደደረሰ የትብብር ደብዳቤውን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ደብዳቤው ሲመራለት «ቋንቋውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ስጡኝ» ይላል። የሚሰጡት ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አማርኛ ጥሩ አድርጎ የሚናገር፣ የተማረ፣ ወንድ፣ በአብዛኛው ወጣት። ሰዎቹ ይህን የሚያደርጉት በቅንነት ነው፣ እንግዳው እንዲቀለው። ግን አማርኛ አጣርቶ ማወቅና የአያቶችን አነጋገር ማወቅ አንድ አይደለም። ስለ ዓሣ፣ ስለ እህል፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ሐዘን የሚነገረውን ጠልቀው የሚያውቁት አማርኛ የማይሰሙት እናቶች ናቸው። እነሱን ለመቅዳት ሌላ ሰው መሐል መግባት አለበት፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ አበል ይፈልጋል። የጥናቱ ገንዘብ ደግሞ ሁሌም አጭር ነው። በዚህ ምክንያት መጻሕፍቱ ውስጥ የምታነቡት ቋንቋ፣ ማንም ሳያስበው፣ የወንዶች ቋንቋ ወደመሆን ያዘነብላል።

ይህ ተራ ቅሬታ እንዳይመስላችሁ። ቻቡን ውሰዱ። ክበበ ፀሐይ ታዬ እ.ኤ.አ. በ2015 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የዚህ ቋንቋ ሰፊው ሰነድ ነው። የቻቡ ተውላጠ ስም ነጠላና ብዙን ብቻ አይደለም የሚለየው፤ ለሁለት ሰዎችም የራሱ ቅርጽ አለው። ከዚያም በላይ አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ሁለተኛውን መደብ እንደሚለየው ሁሉ፣ ቻቡ «እኔ»ንም ይለያል። ወንድ ስለ ራሱ የሚለውና ሴት ስለ ራሷ የምትለው አንድ አይደለም። አሁን አስቡት። ወንዶች ብቻ ተቀምጠው ታሪክ ቢተርኩ፣ የሴቷ «እኔ» ከሰዋስዉ ሠንጠረዥ ይቀር ነበር። ተናጋሪዎቹ በመቶዎች በሚቆጠሩበት ቋንቋ እንዲህ ያለው ክፍተት ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ሌላው የጓዳ ጉዳይ መጠየቂያው ቋንቋ ነው። ጋምቤላ ላይ አብዛኛው ጥያቄ የሚቀርበው በአማርኛ ነው። ሁላችንም የተማርነውን «አበበ በሶ በላ» ለመዠንግር ተናጋሪ ስጡትና «በናንተ እንዴት ትላላችሁ?» በሉት። መዠንግርኛ ተራ ዓረፍተ ነገሩን በግሥ የሚጀምር ቋንቋ ነው፤ «በላ» ነው የሚቀድመው። አማርኛው ቃል በቃል ሲቀርብለት ግን ጨዋ ሰው እንግዳውን ላለማስቸገር ቃላቱን በእናንተው ቅደም ተከተል ሊያሰልፍላችሁ ይችላል። ስሕተት ነው አይባልም፤ ቢሰሙት ይገባቸዋል። የሚያጠናው ሰው ግን የአማርኛን ጥላ እንደ መዠንግር ሰዋስው አድርጎ ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ዓረፍተ ነገር ከማስተርጎም ይልቅ ተረት፣ የአደን ታሪክ፣ የማር ቆረጣ ወሬ መቅዳት የሚመርጡት። ሰው ስለ ኑሮው ሲያወራ አማርኛው ይጠፋና የራሱ ቋንቋ በራሱ ሥርዓት ይፈስሳል። ከፒተር አንሴዝ የ1980ዎቹ ጽሑፎች እስከ አንድሪያስ ዮስዊግ የ2019 የላይደን ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ድረስ (ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው) መዠንግር ላይ የተሠራው ሥራ ዋጋ ያገኘው እንዲህ ካለው ትዕግሥት ነው።

ቅጂው የት ይደረጋል? ይህንንም ማንም አይጽፈውም። የቢሮ ክፍል በቆርቆሮና በሲሚንቶ የተሠራ ስለሆነ ድምፅ ይጮህበታል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ አበቃ። ቬንትሌተሩን ካላጠፋችሁ ማሽኑ የሚቀዳው የእሱን ጉርምርምታ ነው፣ ካጠፋችሁት ደግሞ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ከሁሉ የሚሻለው የሣር ጎጆ ነው። ሣሩና ጭቃው ድምፁን ይውጡታል፣ አያስተጋባም። ሰዓቱ ደግሞ ገና ሲነጋ፣ ባጃጁና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሳይጀምሩ። ጥሩ የአኙዋ ወይም የኑዌር ቅጂ ካጋጠማችሁ፣ ከጀርባው ሌሊት ተነሥቶ ልጆቹን ከደጅ የመለሰ፣ ዶሮዎቹን ያራቀ የቤት ባለቤት አለ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ምክንያቱም በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ውስጥ ሰዋስዉ የሚኖረው አናባቢው ላይ ነው። አማርኛ «ቤት» ላይ «ኦች» ይጨምርና «ቤቶች» ይላል፤ ተጨማሪውን በጣት መጠቆም ይቻላል። ኑዌርኛና አኙዋኛ ውስጥ ብዙው የቃል ሥር አንድ ቀለም (ሲላብል) ብቻ ነው። ነጠላው ብዙ ሲሆን፣ ባለቤቱ ሲለወጥ፣ ድርጊቱ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ለውጡ የሚታየው እዚያችው አንዲት ቀለም ውስጥ ነው። ድምፁ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ ይህን እኛ ቶን እንለዋለን። አናባቢው ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ የኑዌር የቅርብ ዘመድ በሆነው ዲንካማ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም ተብሎ ሦስት ደረጃ አለው። አንዳንዱ አናባቢ ደግሞ ትንፋሽ በዝቶበት ለስለስ ብሎ ይወጣል። ምላስ ጥርስን ነክቶ የሚያወጣው «ት» እና ከጥርስ ኋላ ድዱን ነክቶ የሚያወጣው «ት» ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ለደገኛ ጆሮ አንድ የሆነው ለባሮ ዳር ልጅ ሁለት ነው።

አጥኚው ቶኑን መለየት ሲያቅተው የሚያደርገውን ልንገራችሁ። «ቃሉን ተወውና ዜማውን ብቻ በፉጨት አሰማኝ» ይላል። ተናጋሪው ያፏጫል። ቃሉ ሲወጣለት ዜማው ብቻውን ይቀራል፣ ከፍና ዝቅ ማለቱ ይለያል። ወፍራም የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ «ከፍተኛ ቶን»፣ «ዝቅተኛ ቶን» ተብሎ የተጻፈው ብዙው የተገኘው ጎጆ ውስጥ በተቀመጠ ሰው ፉጨት ነው።

ቶኑ ሳይመዘገብ ሲቀር ምን እንደሚሆን የኑዌር ታሪክ ያሳያል። የኑዌር ሰዋስው የተጻፈው ቀደም ብሎ ነው፤ ዲድሪሽ ቬስተርማን እ.ኤ.አ. በ1912፣ አባ ክራዞላራ በ1933 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ማቲው ቤርማን የተባለ የእንግሊዙ ሱሪ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ቀድሞ የተሰበሰበውን መርምሮ፣ የኑዌር ስሞች እርባታ ትርምስምስ ያለ ነው የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ «ላንጉጅ» በተባለው መጽሔት አወጣ። ቅጥያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የትኛው ስም የትኛውን እንደሚይዝ ግን መገመት አስቸጋሪ ነው። ጽሑፉ በሙያው ውስጥ ብዙ አነጋገረ። ከዚያ በኋላ ራሱ ሱሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታቲያና ሪድና ኢሪና ሞኒች ከተናጋሪዎች ጋር ተቀምጠው ቶኑንና የአናባቢውን ርዝመት አንድ በአንድ መረመሩ፤ የሪድ የዶክትሬት ሥራ በ2019፣ የሞኒች ጽሑፍ ደግሞ በ2020 ወጣ። ቋንቋው ረቂቅ መሆኑ አልቀረም። ግን ረቂቅነቱ ሥርዓት ያለው መሆኑ መታየት ጀመረ። የእኔ ፍርድ ይኸውና፦ ቋንቋ ለተመራማሪው ትርምስ ሲመስለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የተናጋሪው ጆሮ ነው።

ስለ ዝምድናም ላውራ፣ ምክንያቱም በስብሰባ መተላለፊያ ላይ ሞቅ ያለ ክርክር የሚነሣው በዚህ ነው። ኑዌርኛ አንዷን ላም «ያንግ» ይላል፤ ብዙ ሲሆኑ «ጎክ»፤ የመነሻውን ድምፅ ፊደላችን በቅጡ አይዘውም። ቃሉ ጭራሽ ይለወጣል። አኙዋኛውና የኬንያው ሉኦ ደግሞ ለነጠላው «ዲያንግ»፣ ለብዙው «ዶክ» ለሚመስል ድምፅ ቅርብ ናቸው፤ እዚያም ምላሱ ጥርስ ላይ ነው። ቃል መዋዋስ ቀላል ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይወስዳል። እንዲህ ያለውን ወጣ ያለ ልማድ ግን ማንም አይዋስም። በእኛም አለ፦ «መጣ» እንላለን፣ ትእዛዙ ሲሆን ግን «ና»። ትግርኛ «መጺኡ» እያለ «ንዓ» ይላል፣ ግእዝ «መጽአ» እያለ «ነዓ» ይላል። ሦስቱ አንድ እናት እንዳላቸው ለማወቅ ይህ ብቻውን ከመቶ ተመሳሳይ ቃላት ይበልጣል። መንትዮችን ተከትሎ የሚወለድ ልጅ ኦኬሎ መባሉን ከአኙዋ ሰው የሰማ፣ ያንኑ ስም ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ከሉኦ ሰው ቢሰማ አይደነቅም።

ከዚህ ሰፋ ወዳለው ስንሄድ ግን እርግጠኝነቱ ይላላል። ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ናይሎቲኩን፣ ሱርሚኩን፣ ኮማኑን ሁሉ ጠቅልሎ «ናይሎ ሳህራዊ» የሚባል አንድ ታላቅ ቤተሰብ አደረጋቸው። የትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን ይህንን እንደ ተፈጸመ ነገር ያስተምራሉ። በሙያው ውስጥ ግን ጉዳዩ ገና እልባት አላገኘም። ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጌሪት ዲመንዳል ኮማን ከዚህ ቤተሰብ መሆኑ አልተረጋገጠም ከሚሉት ነው። ዕድሜውን ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሰጠው ሊዮኔል ቤንደር ደግሞ እንደ አንድ ቤተሰብ ያያቸው ነበር። ማኑኤል ኦቴሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ሥራ ኮሞና ኦፖን ጨምሮ የኮማን ቋንቋዎችን የጥንት አባት ቋንቋ ለመገንባት የሚሞክር ነው፤ መልሱ የሚመጣው እንዲህ ካለው ሥራ ይመስለኛል። እስከዚያው ድረስ «የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አራት ቤተሰብ ናቸው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስታነቡ፣ ከጀርባው ብዙ «ምናልባት» እንዳለ እወቁ።

አሁን ስሙ ሽፋን ላይ ወደማይወጣው ሰው ልምጣ።

አንድ ሰዓት የተቀዳ ንግግር አዳምጦ፣ ጽፎ፣ ቃል በቃል ተንትኖ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ከ40 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህን የሚሠራው ቋንቋውን ከልጅነቱ የሚናገር ሰው ነው። በአብዛኛው መምህር ነው። ቀን ያስተምራል፣ ማታ መብራት ካለ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ጆሮ ማዳመጫውን ያደርጋል፣ ኤላን የሚባለው ፕሮግራም ላይ ሦስት ሰከንድ ንግግር መርጦ ያጫውታል። ይደግማል። ይደግማል። ሽማግሌው የተናገሩት ቃል ዛሬ ወጣቱ የማይለው ሆኖበት በማግሥቱ ሄዶ ይጠይቃል። «ይኼኛው አጭር ነው፣ ያኛው ረጅም፤ ደባልቀህ ጽፈኸዋል» ብሎ የአጥኚውን ማስታወሻ ያርማል። አጥኚው የዶክትሬት ጽሑፉ ውስጥ «ደንብ 4» ብሎ የሚያሰፍረውን፣ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ሻይ እየጠጣ ነግሮታል፦ «ባለቤቱ ሲለወጥ እኮ ድምፁ ይወርዳል፤ አታየውም?»

በዶሴው ላይ ስሙ «መረጃ አቀባይ» ነው። ክፍያው በቀን ይታሰባል። መጽሐፉ ሲወጣ መግቢያው ላይ ከምስጋናው መሐል አንድ መስመር ይሰጠዋል፤ የምርምር ማዕርግ ግን አያገኝበትም። ስማቸውን በክብር የሚያነሡ፣ አብረው በጋራ የሚጽፉ አጥኚዎች የሉም አልልም፤ አሉ፣ እየበዙም ነው። ልማዱ ግን አሁንም ያው ነው። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የትንተናውን ግማሽ ያመጣ ሰው ተንታኝ ነው፤ ተንታኝን መረጃ አቀባይ ብሎ መጥራት ሐሰት ነው። ሳይንስ ደግሞ ከየት እንዳገኘ የመናገር ግዴታ አለበት።

ለክልሉም ቢሆን የሚያስፈልገው ይህ ሰው ነው። በደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ከጋምቤላ ቋንቋዎች አንዱም አልነበረበትም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን ሲያውጅ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው በጥድፊያ ተፈለገ። ኑዌርና አኙዋ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። የኑዌሩ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1928 በያኔዋ ሱዳን ረጃፍ ላይ የተደረገው ጉባኤ ነው፤ አኙዋ በዚያ ጉባኤ ከተመረጡት ቋንቋዎች ውስጥ አልነበረችም። የኑዌር ጽሕፈት ከአናባቢ ሥር በሚሰመር መስመርና በላዩ በሚደረግ ሁለት ነጥብ የድምፁን ዓይነት ይለያል። ቶን ግን አይጻፍም። እኛም «አለ» ብለን ስንጽፍ መጥበቅ መላላቱን ለአንባቢው እንደምንተወው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ መምጣቱ ነው። የትኛው ምልክት ለአንደኛ ክፍል ልጅ ይጠቅማል፣ የትኛው ያደናግረዋል የሚለውን መወሰን የሚችለው ቋንቋውንም ልጁንም የሚያውቅ መምህር ነው። የመምህራን ኮሌጁም ዩኒቨርሲቲውም ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አሉ። የጎደለው በእነዚህ ቋንቋዎች ላይ በቋሚነት ተቀጥሮ የሚሠራ የቋንቋው ባለቤት ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነበው የጋምቤላ ልጅ ከሆንክ፣ በተለይ ኦፖ፣ ኮሞ፣ ቻቡ ወይም መዠንግር ተናጋሪ ከሆንክ፣ ወይም ከሆንሽ፣ እስከዚያው ማንንም አትጠብቁ። ስልካችሁ ይበቃል። የድምፅ መቅጃውን አስተካክላችሁ «ዋቭ» በሚባለው ዓይነት እንዲያስቀምጥ አድርጉት። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አትቅዱ፤ እሱ ድምፁን ጨምቆ ለትንተና የሚፈለገውን ይቀንሰዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ከዚያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን የትውልድ መንደር በድምፅ ተናገሩ። አያታችሁን ቅድሚያ ስጧቸው፤ ሴት አያታችሁን ደግሞ ከሁሉ በፊት። አንዱን ቅጂ በራሳችሁ ዘንድ አስቀሩ፣ ሌላውን ለምታምኑት ትምህርት ቤት ስጡ። አጥኚ ሲመጣም ከቅጂው በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ ስሜ የት ላይ ይጻፋል?